ጋራዥን ለሞተር ሳይክል ማሳደሪያና መጠገኛ ማደራጀት

ጋራዥ ሲደራጅ ብዙ ጊዜ ሥራው ከጅራቱ ይጀመራል። መጀመሪያ የመፍቻ ሳጥን ይገዛል፣ መደርደሪያ ይሰቀላል፣ ሞተሩ ይገባል። ወለሉ አቧራ እንደሚተፋ፣ ሶኬቱ ከሥራው ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ እንደቀረ፣ መብራቱም የሠሪውን ጀርባ እንጂ እጁን እንደማያበራ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ሁሉን አውጥቶ ከእንደገና መጀመር ይመጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ልኬት፣ ወለል፣ አየር፣ ኤሌክትሪክና መብራት፣ ማቆሚያና ጠረጴዛ፣ በመጨረሻ መፍቻ። መፍቻ በማንኛውም ቀን አንድ በአንድ ይጨመራል፤ ዕቃ የሞላበትን ወለል መቀባት ግን አይቻልም።

በጠመኔ መጀመር

መካከለኛ ሞተር ሳይክል ከ2 እስከ 2.2 ሜትር ይረዝማል፤ በመሪው በኩል ስፋቱ ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ለማሳደር ብቻ 1 ሜትር በ2.5 ሜትር ይበቃዋል። ለመጠገን ግን በግራና በቀኝ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊትና ከኋላ 60 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሥራው ቦታ በድምሩ 2.5 ሜትር በ3.4 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ቅንጦት አይደለም። የጎማ ዘንግ ወደ ጎን ተስቦ ነው የሚወጣው፤ የተጣበቀ ብሎንም ረጅም እጀታ ባለው መፍቻ ሲፈታ ክንድ የሚዘረጋበት ቦታ ይፈልጋል።

ሞተሩን አስገብተህ በጎን ማቆሚያው አቁመው፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዙረህ የሚደርስበትን ሁሉ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣል። ጋራዡን መኪናም የሚጋራው ከሆነ መኪናውን በሮቹ ተከፍተው ሣለው፤ በሮቹ ተዘግተው የተለካ መኪና ሁልጊዜ ያታልላል። ቦታ ማካፈል ግድ ከሆነ ሰፊውን ክፍተት ለግራ ጎን ስጥ። የጎን ማቆሚያው በግራ ነው፣ ሰው የሚወጣውና የሚወርደው በግራ ነው፣ በአብዛኞቹ ሞተሮች ካቴናውም ያለው በግራ ነው።

ወለል

ያልተሰነጠቀ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ለሁሉም ነገር ይበቃል፤ ለማንሻ ጠረጴዛም፣ ሞተሩ በሰንሰለት ለሚታሰርበት የመሬት መቀርቀሪያም። ወደ በሩ በኩል በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ የማጠቢያ ውሃና ከጎማ የሚንጠባጠብ ዝናብ በራሱ ይወጣል። ከዚያ በላይ ካዘነበለ ሞተሩ በጎን ማቆሚያው ላይ መንሸራተት ይጀምራል።

ቀለም ለመቀባት ከታሰበ መጀመሪያ እርጥበቱን መፈተን ያስፈልጋል። 50 ሳንቲ ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈህ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽግና ለ24 ሰዓት ተወው። ሲነሳ ከሥሩ ጠብታ ከታየ ወይም ስሚንቶው ከጠቆረ እርጥበት ከመሬት እየመጣ ነው፤ ምንም ዓይነት ቀለም ቢቀባ ይላላጣል። አዲስ የፈሰሰ አርማታም ከ28 ቀን በፊት አይቀባ።

ፈተናውን ያለፈ ወለል በሁለት ፈሳሽ በሚቀላቀል ኤፖክሲ ይቀባል። እርጥበት በሌለበት ኤፖክሲ የሚላላጥባቸው ምክንያቶች ሁለት ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል፦ ዘይት ያልለቀቀ ወለልና ለስላሳ ሊሾ። ዘይቱን በሳሙናና በብሩሽ ደጋግመህ እጠብ፤ ውሃ ስታፈስበት ተሰብስቦ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ከሆነ ገና አልጠራም ማለት ነው። ሊሾውን በማሽን አስሞርደህ ገጹን እንደ መካከለኛ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርገው። አቧራውን በመጥረጊያ ሳይሆን በመምጠጫ አንሳ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ቀባ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ጥሩ የደረቀ ንጹህ አሸዋ በስሱ ከበተንክበት እርጥብ ጫማ አይንሸራተትም። ከ7 ቀን በፊት ጎማ አታሳርፍበት፤ ከመንገድ የገባ ትኩስ ጎማ ያልጠነከረ ቀለምን ይዞ ይነሳል። ቀለሙ ፈዛዛ ግራጫ ይሁን፤ የወደቀ ብሎንና አዲስ የዘይት ጠብታ ወዲያው ይታይበታል። በጥቁር ወለል ላይ የጠፋ ሮንዴላ መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል።

የሴራሚክ ንጣፍ አይመከርም፤ ዘይት ሲነካው በረዶ ይሆናል፣ መዶሻ ሲወድቅበት ይሰነጠቃል። የሚገጣጠም ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ንጣፍም የሚያምረው እስከ መጀመሪያው የዘይት ቅየራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሥሩ ያለውን ማንም አያጸዳውም። ገንዘብ ከጠበበ አቧራ የሚከላከል የስሚንቶ ማጠንከሪያ ብቻ የጠጣ እርቃን አርማታ ከመጥፎ ቀለም እጅግ ይሻላል።

የጎን ማቆሚያው ጫፍ ትንሽ ስለሆነ የሞተሩ ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ቀለምን ይበሳል። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ከሥሩ ጎማ ተለጥፎበት እዚያ ይቀመጥ።

አየርና እርጥበት

የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ደግሞ ይቀልላል፤ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባል። ስለዚህ አንድ መስኮት ሁለቱን አያስወጣም። አንድ ቀዳዳ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሌላው በተቃራኒው ግድግዳ ጣሪያው አጠገብ ይከፈት፤ እያንዳንዱ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አይጥ እንዳይገባ በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን። አይጥ የአየር ማጣሪያ ሳጥን ውስጥ ጎጆ መሥራትና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ መብላት ይወዳል። እሳት የሚነድበት የውሃ ማሞቂያ፣ ምድጃ ወይም ከሰል በዚህ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይኑር።

ሞተር የሚነሳው ውጭ ነው። በሩ ተከፍቶም ቢሆን ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ውስጥ ይከማቻል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት ሲጀምር ጊዜው ዘግይቷል።

ብረትን የሚበላው ግን ጸጥ ያለው ጠላት፣ እርጥበት ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግድግዳ ላይ ስቀል። ከ40 እስከ 55 ከመቶ መካከል ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ60 ካለፈ የፍሬን ዲስክና ካቴና መዛግ ይጀምራሉ። ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር ጠሉ የሚወርድበት ሰዓት ነው። ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲገባ ሞተሩ ሁሉ ያልበዋል፤ ብረቱ ከአየሩ ስለሚቀዘቅዝ። ስለዚህ «አየር ይግባ» ብሎ በሩን መክፈት የሚያዋጣው ውጭ ያለው አየር ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። የላስቲክ ሽፋን ደግሞ ላቡን ያፍነዋል። የሚተነፍስ የጨርቅ ሽፋን ተጠቀም፤ እሱም የሚለበሰው ሞተሩ ደርቆ፣ ማርሚታውም ቀዝቅዞ ነው።

አንድ ነገር ጨምር፦ የመጸዳጃ ቤት ወይም የወለል ማጽጃ አሲድ፣ የመዋኛ ክሎሪንና ማዳበሪያ እዚህ አይቀመጡ። ክዳኑ የተዘጋ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠርሙስ እንኳ የሚያመልጠው እንፋሎት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የክፍሉን መፍቻ ሁሉ ቀይ ያለብሳል። ሰው ጣሪያውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን መደርደሪያው ላይ ነው።

ኤሌክትሪክና መብራት

የቤንዚን እንፋሎት ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ሶኬቶች ከወለሉ 1.1 ወይም 1.2 ሜትር ከፍ ይበሉ። ይህ ለወገብም ይጠቅማል። ሁሉም የምድር መስመር ይኑራቸው፤ መስመሩ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ በሚቆርጥ መከላከያ በኩል ይለፍ። እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የብረት መሣሪያ የያዘ ሰውን የሚያድነው እሱ ነው፤ ተራው ብሬከር ሽቦውን እንጂ ሰውን አይጠብቅም። ለአየር መጭመቂያ ማሽን 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያለው የራሱ መስመር ይዘርጋለት፤ ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ መብራቱን እያጠፋ ያስቸግራል። ዝርጋታው የባለሙያ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ በጥቅል ላይ እንዳለ ከባድ መሣሪያ አይሰካበት፤ የተጠቀለለ ሽቦ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ልባሱ ይቀልጣል።

አንድ ትልቅ አምፖል ከሞተሩ አናት ላይ መስቀል የተለመደ ስህተት ነው። ሠሪው ሲጎነብስ ራሱ ጥላ ይሆናል፤ ብርሃኑም ታንኩንና መቀመጫውን ያበራል እንጂ ሥራው ያለበትን የሞተር ጎን አያገኘውም። 1.2 ሜትር የሚረዝሙ የኤልኢዲ መብራቶች በሞተሩ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ፣ ከመካከሉ 1 ሜትር ያህል ርቀው ይሰቀሉ። ለ16 ካሬ ሜትር ክፍል ባለ 18 ዋት 4 መብራት ዝቅተኛው ነው፤ 6 ቢሆን ዓይን ያርፋል። የብርሃኑ ቀለም ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን ሲሆን የሽቦዎችን ቀለም በትክክል ያሳያል፤ በቢጫ ብርሃን ቡናማና ቀይ ሽቦ መለየት ያስቸግራል። ግድግዳና ጣሪያ ነጭ ይቀቡ፤ ሁለት መብራት የመጨመር ያህል ነው። ለሞተሩ ሆድ ማግኔት ያለው የሚሞላ የእጅ መብራት ይበቃል።

ማቆም፣ ማንሳት፣ ማሰር

የጎን ማቆሚያ ለማሳደር እንጂ ለመሥራት አይሆንም። የመሃል ማቆሚያ የሌለው ሞተር የኋላ ማንሻ ያስፈልገዋል፤ የኋላውን ጎማ በሚይዘው ሹካ ላይ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ቦቢን (ማንሻው የሚይዘው በብሎን የሚታሰር ትንሽ ድውር) አስረህ በእሱ አንሳው። ያለ ቦቢን ከሥር ደግፈው የሚያነሱት ይንሸራተታሉ፣ ቀለምም ይፍቃሉ። የቦቢኑ ብሎን 6፣ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል ከመግዛት በፊት ይለካ።

ብቻህን ስታነሳ መጀመሪያ የፊት ፍሬኑን እጀታ ከመሪው መያዣ ጋር በመቀነት እሰረው። ማርሽ ማስገባት እዚህ ላይ አይረዳም፤ ማርሽ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው፣ እሱ ደግሞ አየር ላይ ሊሆን ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርገህ በግራ እጅ መቀመጫውን ወይም መያዣውን ይዘህ ማንሻውን በቀኝ እጅ ወደ ታች ጫን፤ ክብደትህን ተጠቀም፣ በክንድህ አትታገል። የፊት ማንሻ የሚገባው ኋላው ከተነሳ በኋላ ብቻ ነው፤ ሲወርድም ፊቱ ይቅደም። ይህን ያዞረ ሰው ሞተሩን በጎኑ አስተኝቶ ያገኘዋል። የፊት ማንሻ ሁለት ዓይነት ነው፦ ከፎርሴላው (የፊት ጎማውን ከያዙት ሁለት ቱቦዎች) ሥር የሚይዝና ከመሪው ራስ ሥር የሚይዝ። የመጀመሪያው ጎማ ለማውጣት ይበቃል፤ ፎርሴላውን ራሱን ለማውጣት ሁለተኛው ግድ ነው።

የማንሻ ጠረጴዛ ጉልበትና ወገብ ያድናል፤ ነገር ግን ሲነሳ የጣሪያው ቁመት መፈተሽ አለበት። ከተነሳ በኋላ የብረት መቆለፊያ ዘንጉ ይግባ። ሃይድሮሊክ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ አንዳንዴም በአንድ ጊዜ። የፊት ጎማው በጎማ መያዣ ውስጥ ሆኖ ሁለት የማሰሪያ መቀነት ከፎርሴላው የታችኛው ድልድይ (ሁለቱን ቱቦዎች ከሚያያይዘው ብረት) ወደ ጎንና ወደ ፊት ይወጠር፤ ፎርሴላው በግማሽ ገደማ ሲወርድ ይበቃል። ከመሪው ጫፍ የታሰረ መቀነት መሪውን ያጣምማል።

ለሌባ የሚተከለው የመሬት መቀርቀሪያ ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ ከተቻለ የግድግዳ ጥግ ላይ ይሁን፤ መቁረጫ ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው ክርኑን የሚዘረጋበት እንዳያገኝ። ከአርማታው ጠርዝና ከስንጥቅ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በማስፋፊያ ብሎን ሳይሆን በኬሚካል ማጣበቂያ ቢተከል ይመረጣል። ማጣበቂያው የሚነቀለው አብዛኛውን ጊዜ በአቧራ ምክንያት ነው፤ ቀዳዳውን በትራፓን ከበሳህ በኋላ ንፋው፣ በሽቦ ብሩሽ ቦርሸው፣ ደግመህ ንፋው። ሰንሰለቱ በኋላ ጎማውና በሻሲው ውስጥ አልፎ ይወጠር፣ መሬት ላይ አይተኛ። መሬት ላይ የተኛ ሰንሰለት መቁረጫው አንዱን እጀታ ወለሉ ላይ ደግፎ በሙሉ ክብደት እንዲጫን ያመቻቻል።

ጠረጴዛና ሞርሳ

ከፍታው ከ90 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60፣ ገጹ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ የተገጠመ ሞርሳ (ዕቃ በመንጋጋው ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ሞርሳው ከጠረጴዛው እግር በላይ እንጂ መሃል ላይ አይቀመጥ፤ የመዶሻ ምት በእግሩ በኩል ወደ ወለል መውረድ አለበት። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይበል፤ እንደዚያ ካልሆነ ረጅም ቱቦ ቀጥ ብሎ ሊያዝ አይችልም። የመንጋጋው ስፋት ከ100 እስከ 125 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ የመንጋጋው አናት ከክርን ጋር እኩል ይሁን። ሁለት የአሉሚኒየም አንግል ቁራጭ አጥፈህ መንጋጋው ላይ አልብስ፤ የብረት ጥርስ የፎርሴላ ቱቦ ላይ የሚተወው ጭረት የዘይት ማቆሚያ ጎማውን በአጭር ጊዜ ይቆርጠዋል።

መፍቻ

በአንድ ላይ የሚሸጡ 200 ቁራጭ ያላቸው ሳጥኖች ግማሻቸው አይነካም። ለሜትሪክ ሞተር በእርግጥ የሚሠሩት 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19 እና 22 ቁጥር ቡሶላ (የብሎኑን ራስ ዙሪያውን የሚይዝ ኩባያ መፍቻ) እና መፍቻ፣ ለኋላ ጎማ ዳዶ (የዘንጉ ማሰሪያ) 24፣ 27 ወይም 32 ቡሶላ፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8 ብሩጎላ (ባለ 6 ማዕዘን ቀዳዳ ብሎን መፍቻ) ናቸው። ቡሶላው ባለ 6 ማዕዘን ይሁን፤ ባለ 12ቱ የተበላ ብሎን ራስ ላይ ይዞራል። የፊት ጎማ ዘንጉ ባለ 6 ማዕዘን ቀዳዳ የሆነ ሞተር 17፣ 19፣ 22 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ወንዴ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ይህ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ሳይሆን ዛሬ ይለካ።

ስለ ካቻቢቴ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የጃፓን ሞተሮች ባለ መስቀል ብሎኖች የተሠሩት በጃፓን ልኬት ነው። ከተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ጋር ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሲጠብቅ ግን የተለመደው ጫፍ ተንሸራትቶ ይወጣና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። የካርቡሬተር ብሎኖች ሁሉ ራሳቸው ተበልቶ የሚታየው በዚህ ነው። የጃፓን ልኬት ካቻቢቴ 2 ቁጥርና 3 ቁጥር ብቻ ይበቃል። ለተጣበቁት ደግሞ በመዶሻ ሲመታ የሚዞር የምት ካቻቢቴ ይኑር።

የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ሁለት ያስፈልጋል፦ አንዱ ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር፣ ሌላው ከ20 እስከ 110። አንዱ ትልቅ ቁልፍ ሁለቱንም አይሠራም፤ በልኬቱ ታችኛ ጫፍ ላይ አይታመንም። በ10 ቁጥር መፍቻ የሚፈታ ብሎን ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል። 8 ሚሊ ሜትሩ ከ20 እስከ 25 ይፈልጋል። የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይገዛል፤ በተለይ አሉሚኒየም ውስጥ ለሚገቡት። ቁልፉ ከሥራ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመለስ፤ ተወጥሮ ያደረ ስፕሪንግ ልኬቱን ያጣል። ለመፍታት ደግሞ አይጠቀሙበትም።

ብሎን ሲፈታ የት እንደነበረ መርሳት የሚያመጣው ጉዳት ከሚታሰበው ይበልጣል። የሞተር ጎን ክዳን ላይ ያሉ ብሎኖች ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ረጅሙ በአጭሩ ቀዳዳ ከገባ መጨረሻው ላይ ይደርስና ክዳኑን ሳያጠብቅ የአሉሚኒየሙን ቀዳዳ ይሰነጥቃል፤ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ ጥርሱን ይነቅላል። መፍትሔው ካርቶን ነው። የክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሣል፣ በየቦታው ቀዳዳ ብሳ፣ እያንዳንዱን ብሎን ሲወጣ በራሱ ቀዳዳ ላይ ትከል። ክዳኑ ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ (ዘይት እንዳያፈስ በመካከል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፣ ብሎኖቹም በመስቀል እየተሻገሩ በሁለት ዙር ይጥበቁ።

የባትሪ ጥግ

የእርሳስ ባትሪ ሙሉ የሚሆነው ከቻርጅ ወጥቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ገደማ ሲያሳይ ነው። 12.4 ካሳየ መሞላት አለበት፤ ከዚያ በታች ለሳምንታት ከቆየ የእርሳስ ሰሌዳው ላይ የሚጋገረው ሰልፌት አይለቅም። የሞተር ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 14 አምፔር ሰዓት ስለሆነ በ1 አምፔር አካባቢ የሚሞላ፣ ሲሞላ ራሱን የሚቀንስ ቻርጀር ይበቃዋል። የመኪና ቻርጀር በ6 ወይም በ10 አምፔር ያፈላዋል። ሊቲየም ባትሪ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል፤ ሰልፌት ለማስለቀቅ በከፍተኛ ቮልት የሚመታ ቻርጀር ይገድለዋል።

ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ሲታሰር ፖዘቲቩ። ፖዘቲቩ እየተፈታ መፍቻው ሻሲውን ቢነካ ኔጋቲቩ እንደታሰረ ከሆነ ብልጭታው መፍቻውን ያቀልጣል፤ ቅደም ተከተሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ፈሳሾችና እሳት

የሞተር ዘይት ጣሳ ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ይፈለግ፤ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ያለበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። የፍሬን ዘይት ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ከአየር ውሃ ይጠጣሉ። የተከፈተ ጣሳ ለዓመት አይቀመጥ፤ ትንሽ ጣሳ መግዛት ነው የሚያዋጣው። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ታንኩ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ አይፈተግ።

ካቴና በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። በቤንዚን ማጠብ ለእሳትም ለካቴናውም መጥፎ ነው፤ የሽቦ ብሩሽ ደግሞ በውስጡ ቅባት የያዙትን የጎማ ቀለበቶች ይቆርጣል። ለዚህ ሥራ ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ ማስገባት የስንቱን ጣት በልቷል፤ ጎማው በእጅ ይዞር።

የተቃጠለ ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ለብቻው ይጠራቀም። ከራዲያተር ውሃ ወይም ከፍሬን ዘይት ጋር ከተቀላቀለ ማንም አይቀበለውም። የራዲያተር ማቀዝቀዣ ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው፤ ልጅና እንስሳ በማይደርሱበት ይቀመጥ። የተልባ ዘይት ያለበት የእንጨት ቅባት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ ውሃ ፈስሶበት ይቀመጥ።

የእሳት ማጥፊያው የዱቄት ዓይነት ሆኖ ለኤ፣ ቢ እና ሲ የእሳት ምድቦች የሚሆን፣ በሚወጣበት በር አጠገብ ይሰቀል። ከሞተሩ በላይ የተሰቀለ ማጥፊያ እሳቱን አቋርጦ የሚደርስበት ሰው የለም። ውሃ የሚቃጠል ቤንዚን ላይ አይደፋም፤ ቤንዚኑ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። ጢስ ጠቋሚ በአቧራና በእንፋሎት በከንቱ ስለሚጮህ እዚህ የሚሻለው ሙቀት ጠቋሚ ነው።

ለወራት ሲቆም

1. ሞተሩን እጠብ፣ አጭር መንገድ ነድተህ አድርቀው። ካቴናውን ቀባ።

2. ዘይቱን አሁን ቀይር፣ ሲመለስ አይደለም። ያገለገለ ዘይት በውስጡ ያለው አሲድና ውሃ በቆመበት ወር ሁሉ ኩሽኔታውን (የሚሽከረከሩ ዘንጎች የሚያርፉበትን ክፍል) ይበላል።

3. የብረት ታንክ እስከ አናቱ ይሞላ፤ ባዶ ቦታ ሲኖር ጠል በውስጡ ይወርዳል፣ ዝገት ይጀምራል። የቤንዚን ማቆያ ቅመም ከተጨመረ 10 ደቂቃ ያህል ውጭ አስነስተህ እስከ ካርቡሬተሩ ወይም እስከ መርጫው አድርሰው። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ከዚያ በኋላ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋና የካርቡሬተሩን ሳህን በታችኛው ብሎን አፍስስ። የደረቀ ቤንዚን የሚተወው ሙጫ ደቃቅ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

4. ካንዴላውን (በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈትተህ 5 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት በየሲሊንደሩ ጨምር፤ ማርሽ አስገብተህ የተነሳውን የኋላ ጎማ በእጅ ሁለት ሦስት ዙር አዙር፣ ካንዴላውን መልስ።

5. ባትሪውን አውጥተህ በደረቅ ቦታ አኑር፤ በወር አንዴ ለካው።

6. ጎማዎቹን በተመከረው ልክ ንፋ፣ ከመሬት አንሳቸው። ማንሳት ካልተቻለ በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩን ትንሽ ግፋው።

7. የማርሚታውን አፍና የአየር መሳቢያውን በንጹህ ጨርቅ ድፈን።

በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እያስነሱ ማጥፋት እንክብካቤ ይመስላል፤ ጉዳት ነው። ሞተሩ በቂ ስለማይሞቅ የሚቃጠለው ቤንዚን የሚያወጣው ውሃ በዘይቱና በማርሚታው ውስጥ ይቀራል፤ ለማስነሳት የወጣው የባትሪ ኃይልም አይመለስም። ወይ ግማሽ ሰዓት ይነዳ፣ ወይ ይተው።

ማርሚታ ውስጥ የተረሳ ጨርቅ ሞተሩ እንዳይነሳ ያደርጋል፤ ሰውም ጥፋቱን ካርቡሬተር ውስጥ ይፈልገዋል። የደፈንከውን ሁሉ ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እሰረው፦ «2 ጨርቅ፤ ማርሚታና አየር መሳቢያ»።